ቱቦው ውስጥ የቀረው ቅንቡላና የኡርባኖ ስቅታ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ኮንሲንግ፣ ካለሽበት ሆንግ ኮንግ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? መስኮት ስትወለውዪ ያመመሽ ትከሻ ተሻለሽ ወይ? የዚያ አገር ብርድስ ቀለል አለልሽ? አሠሪሽ አሮጊቷ ዛሬም ሾርባው ጨው አነሰው፣ ጨው በዛው እያሉ ያመላልሱሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። እማዬ ደህና ናት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷ ቀድሞ ይነግራታል እንጂ ሌላው ጤናዋ ከእኔም ካንቺም ይበልጣል። ባለቤቴ ናርሲሳና ልጆቹም ደህና ናቸው። ነጩ ዳክዬ ብቻ ሞተ፤ እሱም ዕድሜው ደርሶ ነው፣ አትዘኚ።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ሊገያ ከእረፍቷ ወደዚያ ስትመለስ «ወንድምሽ ቦምብ በባዶ እጁ ቀለበ» ብላ ሳታስደነግጥሽ አትቀርም። ወሬው በእኛ ሰፈር እንደዚያ ነው የሚወራው። እኔ አንድም ቦምብ አልቀለብኩም። የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ፤ እሳት ላይ ድስት ጥደሽ ከሆነ አውርደሽ አንብቢው፣ ረዘም ይላል።

እንደምታውቂው በየካቲት የሞርታር ጓድ መሪ አድርገው ሾሙኝ። እማዬ ገበያ ላይ ስትናገር የሰማ ሰው የአገሩን ጦር በሙሉ ያስረከቡኝ ነው የሚመስለው። ያስረከቡኝ ግን አንድ ሞርታርና ሦስት ሰው ነው። ሞርታር ማለት አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ የብረት ቱቦ ነው። ቅንቡላውን በአፉ ትለቂበታለሽ፤ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከሥር ያለውን መርፌ ሲመታ ተወንጭፎ ይወጣና ኮረብታውን ተሻግሮ ይወድቃል። ቱቦው የሚቀመጥበት ከባድ የብረት ሳህን አለ፤ በጉዞ ላይ ጠብ የሚነሣው ሁሉ በዚህ ሳህን ነው። ተራው የእኔ አይደለም፣ ትናንትም እኔ ነኝ የተሸከምኩት የሚል ሙግት ሲሰማ የሚውል ዳኛ ብትፈልጊ ወንድምሽ አለልሽ።

ከመሾሜ በፊት መሪነት መጮህ ይመስለኝ ነበር። ጉሮሮዬን አጥርቼ ተዘጋጅቼ ነበር። ከእኔ በፊት ጓዱን የመሩት ጋሽ ፍሎሮ ጡረታ ወጥተው ዓሣ ሊያረቡ ሲሄዱ «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» ብላቸው «ካልሲያቸውን እይ» አሉኝና ከተሳፋሪው ጋር ጂፕኒው ላይ ወጡ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ቁም ነገራቸው ነው። እግሩ ውሃ የቋጠረ ሰው ሞርታር አይሸከምም፤ ስለዚህ በጠዋት ተነሥቼ የሦስት ጎልማሳ እግር አያለሁ። የማን ጥርስ እንዳመመው፣ የማን ሚስት እንዳኮረፈች፣ ማን ሩዙን ሳይበላ እንደተነሣ ማወቅ አለብኝ። ተኳሹ ያነጣጠረውን እኔ ደግሜ አያለሁ፤ ሂሳቡን አንዱ ቢሠራው ሌላው ያመሳክረዋል። በዚህ መሣሪያ ላይ ጣት የምታህል ስህተት ኮረብታውን ትታ የሰው ጓሮ ትገባለችና የመሪ ሥራ ዋናው መጠርጠር ነው። ናርሲሳ «ቤት ስትመጣም ድስቱን ከፍተህ ነው የምታየው፣ እኛንም ጠረጠርከን?» ትለኛለች።

ሰዎቼን ላስተዋውቅሽ። ተኳሼ አስር አለቃ ሬስቲቱቶ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በራሽን ነው፣ ቀኑን ሙሉ «እሺ» ብቻ ካለ ብዙ አወራ ማለት ነው። ሳህኑን የሚሸከመው ጋውደንሲዮ ነው፤ በር ሲገባ ጎን ለጎን ነው የሚገባው፣ ዶሮ ሲታረድ ግን ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። ሦስተኛው ኡርባኖ ነው፤ የእኛ አጉራሽ፣ ቅንቡላውን ለቱቦው የሚያጎርሰው እሱ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ልቡ ንጹሕ ልጅ ነው። እንከኑ ትጋቱ ነው። ጥረግ ስትዪው ያጥባል፤ እጠብ ስትዪው ቀለም ይቀባል።

በዚህ ወር የሻለቃ ጦራችን የምሥረታ ቀን ከከተማው ጠባቂ ቅዱስ በዓል ጋር ገጠመ። አዛዣችን ኮሎኔል ሞንቴሎር የከተማውን ከንቲባ ከነባለቤታቸው፣ ቄሱን አባ ሴቨሪኖን፣ ሌላም ብዙ እንግዳ ጠሩ። ዳስ ተጣለ፣ የከተማው ነጋሪትና መለከት ቡድን መጣ፣ ሙሉ አሳማ በከሰል ተጠብሶ፣ ቆዳው እንደ ብርጭቆ እየተንኳኳ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ። የእኛ ጓድ ደግሞ ባዶው ኮረብታ ላይ ጥቂት ቅንቡላ ተኩሶ ለእንግዶቹ ያሳያል ተባለ።

የበላያችን መቶ አለቃ ቪላርዶ ነው። ከአካዳሚ ከወጣ ዓመት አልሞላውም፤ ጫማው ላይ አይተሽ ጸጉርሽን ታበጥሪያለሽ። በዋዜማው መጥቶ «ሞርታሩ ነገ ፊቴን ሊያሳየኝ ይገባል» አለን። ልጆቹ ከውጭ ፈተጉት፤ እኔ ውስጡን በባትሪ አየሁ፣ ንጹሕና ደረቅ ነበር። አረፍኩ። ትጉህ ሰው ከመሪው ቀድሞ እንደሚነቃ ያኔ አላወቅኩም።

በማግስቱ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ አባ ሴቨሪኖ ሞርታሩን ሊባርኩ መጡ። ፀበሉን ረጨት ረጨት ያደርጋሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው እጃቸው ሰፊ ነው፤ ሳህኑንም፣ ቱቦውንም፣ ጋውደንሲዮንም አጠቡት። እኔ ያን ሰዓት የእሳቸውን ጃንጥላ ይዤ ነበር። ከመተኮሱ በፊት የቱቦውን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ማየት የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ግን ቄስ ፀሐይ ላይ ጥሎ ቱቦ ማየት ነውር መስሎኝ ጃንጥላዬን ይዤ ቆምኩ። አባም ባርከው ወደ ዳሱ ሄዱ፤ ትዕዛዝ መጣ፤ እኔም «ተኩስ» አልኩ።

ኡርባኖ ቅንቡላውን ለቀቀው። ቅንቡላው ገባ። ከዚያ ምንም የለም።

እትዬ፣ ሞርታር ሲጮህ ያስደነግጣል፤ ዝም ሲል ግን ይብሳል። የነጋሪቱ ቡድን «ሲጮህ ምቱ» ተብሎ ነበርና ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ዝምታው ሲበዛበት ከበሮ መቺው ሳያስችለው አንዴ ድም አደረገው። ዳሱ ውስጥ ያለው እንግዳ ይሄው ነው ብሎ አጨበጨበ። ከንቲባው «እንዴት ያለ የረቀቀ መሣሪያ ነው፣ ጭስ እንኳ የለውም» አሉ አሉ፤ ኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ ግን «ከሸፈ!» ብዬ ጮህኩ። ሲከሽፍ የሚደረገው የታወቀ ነው። ተኳሹ ቱቦውን በተረከዙ ደጋግሞ ይመታል፤ ቅንቡላው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ከሆነ ወርዶ ይተኩሳል። ሬስቲቱቶ መታው፤ አልተኮሰም። ከዚያ ሁሉም ሰው ይሸሻል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅንቡላው በእጅ የሚወጣው። ሁሉም ሰው ሲባል እንግዶቹንም ይጨምራል። መቶ አለቃ ቪላርዶን «ጌታዬ፣ ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከአፈር ክምሩ ጀርባ መሄድ አለባቸው፤ ኮሎኔሉም ጭምር» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ሰው ከጫማው ሌላ አልገመትኩትም ነበር። «ኮሎኔሉን ተነሡ ልበላቸው?» አለኝ። «አዎ ጌታዬ፣ አሁኑኑ» አልኩት። የሚያብረቀርቅ ጫማውን ጭቃ ውስጥ እየማገደ ሮጠ።

ኮሎኔሉ ወዲያው ተነሡ። የከንቲባው ባለቤት ግን «አሳማውን ጥዬ የትም አልሄድም፣ ዝንብና ውሻ ሊጫወትበት ነው?» አሉ። መቶ አለቃው ቢለምን ቢማጠን አልሆነም። በመጨረሻ አራት ወታደር ጠርቶ የተጠበሰውን አሳማ በቃሬዛ አስነሣው። እንዲህ ሆነና በሻለቃችን ታሪክ ከአደጋ ቀጠና መጀመሪያ የወጣው አሳማው ነበር፤ እንግዶቹ ከኋላው እንደ ቀብር ሸኚ በሰልፍ ተከተሉት።

እኛ ከአሸዋ ጆንያው ጀርባ ገብተን መጠበቅ ጀመርን። ያኔ ነው ነገሩ የመጣው። ኡርባኖ «ህቅ» አለ። ዞር ብዬ አየሁት። «ይቅርታ አለቃዬ» አለና ደግሞ «ህቅ»።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ግን ቅንቡላው የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ሬስቲቱቶ የቱቦውን የታችኛውን ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያነሣል፣ ኡርባኖ ከአፉ ጎን ቆሞ ሁለቱን እጆቹን በጠርዙ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፣ ቅንቡላው ተንሸራቶ ብቅ ሲል አፍንጫውን ሳይነካ አካሉን ይይዘዋል። ደግሞም አንዴ ቱቦው መነሣት ከጀመረ ቅንቡላው ሳይወጣ መልሶ ዝቅ ማድረግ የለም፤ ከወረደ መርፌውን እንደገና ይመታዋል። ያን የመሰለ ሥራ ላይ ሆዱ በየትንፋሹ የሚዘል ሰው ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

መጀመሪያ ውሃ አጠጣነው፤ አልተወውም። ጋውደንሲዮ ድንገት ከኋላው «በው!» አለበት፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሬስቲቱቶ ያለወትሮው አፉን ከፍቶ «ወረቀት» አለ። ለሕፃን እንደሚደረገው ብጫቂ ወረቀት በምራቅ አርሶ የኡርባኖ ግንባር ላይ ለጠፈለት። ኡርባኖም ወረቀቱን ተሸክሞ፣ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ «ህቅ» ይላል።

ሬዲዮው ጮኸ። ኮሎኔሉ ናቸው። «ምን ያቆማችኋል? እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ናቸው» አሉኝ። «ጌታዬ፣ አጉራሹ ስቅታ ይዞታል» አልኩ።  «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «ሌላ ሰው የለህም?» አሉ።

ሌላ ሰው። ሌላ ሰው ማለት ጋውደንሲዮ ነው፤ እጁ ሳህን ለመሸከም እንጂ ለዚህ አልተለማመደም፣ ደግሞም እንባው ከወዲሁ ቀርቦ ነበር። ወይም እኔ ነኝ። ልደብቅሽ አልችልም፣ እኔ ልያዘው የሚል ሐሳብ ልቤን ሞላው። ሁሉም እያየ ገብቶ ቅንቡላውን ማውጣት፤ እማዬ ስትሰማ፣ ናርሲሳ ስትሰማ። ግን መሪው ሁለቱን ሰዎች በሚያይበት ቦታ መቆም አለበት። የቱቦው አንግል ሲዛባ፣ የእጅ አያያዝ ሲሳሳት «ቁም» የሚለው እሱ ነው። እኔ እጄን ከቱቦው አፍ ላይ ካደረግኩ ማን ያያል? ይሄን የተለማመደው ኡርባኖ ነው፤ ባዶ ቅንቡላ ይዞ በየማለዳው ያደረገው እሱ ነው። ስለዚህ «ስቅታው እስኪለቀው እንጠብቃለን ጌታዬ» አልኩ። ለኮሎኔል «እንጠብቃለን» ስል የገዛ ድምፄን አላወቅኩትም። «ጠብቅ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሬዲዮው ነገር ሌላ ሆነ። ከአፈር ክምሩ ጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ወጣው። አባ ሴቨሪኖ «ትንፋሹን ይዞ ጸሎተ ማርያምን ይድገም» አሉ። ከንቲባው «ከስኒው ማዶ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ይጠጣ» አሉ። ኡርባኖ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ አፍንጫው ውስጥ ገባበት። በመጨረሻ የከንቲባው ባለቤት ሬዲዮውን ተቀብለው «አያቴ የሚያውቁት ፍቱን መድኃኒት አለ፣ የሚያውቃቸውን ሰባት ራሰ በራ ሰዎች በስማቸው ይቁጠር፣ ሰባተኛው ላይ ይለቀዋል» አሉ።

ጭንቅ ላይ ነንና «ቁጠር» አልኩት። ያን ሰዓት የሬዲዮው መናገሪያ በእጄ ነበር፤ ላቤ ይሁን ጭንቀቴ፣ አውራ ጣቴ ስንናገር የምንጫነውን ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቷል። ኡርባኖ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ አስቦ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «አንደኛ፣ ኮሎኔል ሞንቴሎር» አለ።

እኔ ጣቴን አየሁ። ሬስቲቱቶ ጣቴን አየ። ኡርባኖም ዓይኑን ከፍቶ ጣቴን አየ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩት።  የኡርባኖ ፊት እንደ ሩዝ ነጣ። ሁላችንም «ህቅ» የሚለውን ስንጠብቅ ቆየን። አልመጣም። ደግመን ጠበቅን። ጥርግ ብሎ ሄዷል።

«ለቀቀህ?» አልኩት። «አለቃዬ፣ ነፍሴም አብሮ ሳይሄድ አልቀረም» አለኝ። «ነፍስህን ኋላ እንፈልጋታለን፣ ና» አልኩት።

ወጣን። ቱቦውን ዳበስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ጋውደንሲዮን ከጆንያው ጀርባ ተውኩት። ሬስቲቱቶ ቱቦውን ከሳህኑ አላቀቀ፣ ኡርባኖ ቦታውን ያዘ፣ እኔ ሁለቱንም ከማይበት ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቱቦው መነሣት ጀመረ። እስካሁን በነገርኩሽ ብትስቂ አይከፋኝም፤ ይሄን ጊዜ ግን የሚሳቅ ነገር አልነበረም። ቱቦው ተነሣ፣ ተነሣ፣ ከሚገባው በላይ ተነሣ፣ ቅንቡላው አይመጣም። ወይ ዝቅ አይደረግ፣ ወይ አይጣል።  ኡርባኖ በግንባሩ ላይ ያ ወረቀት እንደተለጠፈ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ እጁ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። እኔ እጆቼን ወደኋላ አድርጌ አንዱን በሌላው አንቄ ያዝኳቸው። ካላነቅኳቸው ሄደው ቱቦውን ሊጨብጡ ነው። «ትንሽ አንሣ፤ አትቸኩል፤ እንደዚሁ ያዝ» ከማለት በቀር ምንም አላደረግኩም። ሬስቲቱቶ ጥርሱን ነክሶ ትንሽ አነሣ። ከውስጥ የሆነ ነገር እየተጎተተ የሚመጣ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የቅንቡላው አፍንጫ ብቅ አለ። ኡርባኖ ጭንቅላቱ እንደወጣ ሕፃን ተቀበለው፤ ተቀብሎ፣ ታቅፎ፣ «ይዤዋለሁ» አለ። ለከሸፈ ቅንቡላ የተቆፈረው ጉድጓድ ድረስ ወስዶ አስቀምጦት ሲመለስ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ቅንቡላው ግን ለምን ተጣበቀ? ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ሳሸተው አፍንጫዬን የሚያውቀው ሽታ መታኝ። እትዬ፣ እኔና አንቺ ተማሪ ቤት በኮኮናት ቅርፊት ወለል ስንፈትግ የምንቀባውን ቀይ የወለል ሰም ታስታውሺዋለሽ? እሱ ነው። ኡርባኖ በጠዋት እኔ ሳላየው ተነሥቶ፣ መቶ አለቃው ፊቱን የሚያይበት ቦታ እንዳያጣ ብሎ፣ የቱቦውን ውስጥ በሰም አሽቷል። ቅንቡላው በሰሙ ላይ እየተጎተተ ወርዶ መርፌውን ቢነካውም ለመተኮስ የሚበቃ ኃይል አልነበረውም።

ኮሎኔል ሞንቴሎር መጡ። ቆባቸውን አውልቀው ይዘዋል፤ ራሳቸው በፀሐዩ ያብረቀርቃል፣ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ቱቦውን አሸተቱ። «ይሄ የቢሮዬ ወለል ሽታ ነው። ማነው የቀባው?» አሉ። ኡርባኖ አፉን ሲከፍት ቀደምኩትና «እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ። «በእጅህ?» አሉኝ። «በጓዴ እጅ ነው ጌታዬ፤ ግን የመጨረሻው ማየት የእኔ ነበር፣ አላየሁም» አልኩ። ይሄኔ መቶ አለቃ ቪላርዶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ብቅ አለና «ጌታዬ፣ ፊቴን ያሳየኝ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ኡርባኖ «ሰሙን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ» አለ። ጋውደንሲዮ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ቆርቆሮውን ከፈትኩለት» ብሎ አለቀሰ። አባ ሴቨሪኖ ከኋላ ሆነው «እኔም ውሃ አብዝቼበት ይሆናል ልጄ» አሉ።

ኮሎኔሉ አንድ በአንድ አዩንና «አንዲት ቱቦ ለማበላሸት ይሄን ያህል የሰው ኃይል ነው የፈጀነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ኡርባኖ ዞሩ። «ቆጠራህን አላስጨረስንህም። ሁለተኛው ማን ነበር?» አሉት። ከንቲባው አጠገባቸው ቆመዋል፤ የሳቸውም ራስ ከዘንባባ ፍሬ አይተናነስም። ኡርባኖ ከንቲባውን አየ፣ ኮሎኔሉን አየ፣ «ህቅ» አለ። ኮሎኔሉ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቱቦውን አጠብነው፣ አደረቅነው፤ በባትሪም በእጄም በአፍንጫዬም አየሁት፤ መቶ አለቃው ከእኔ በኋላ ደግሞ አየው። ያን ጊዜ ጳጳስ እንኳ ፀሐይ ላይ ቢቆሙ ጃንጥላ አልይዝም ነበር። ቀጥሎ ሁሉም ቅንቡላ እንደ ደንቡ ጮኸ፣ ኮረብታውም አቧራውን አነሣ። የነጋሪቱ ቡድን ግን አልመታም፤ ተስፋ ቆርጠው አሳማው ዘንድ ሄደው ነበር።

ቅጣቱን ትጠብቂ ይሆናል። እኔና ጓዴ የበዓሉን ፈቃድ ተከልክለን የሻለቃውን ሞርታር ሁሉ ስናጥብ ሰነበትን፤ መቶ አለቃ ቪላርዶም ሳይታዘዝ መጥቶ እጅጌውን ሰብስቦ አብሮን አጠበ። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ኮሎኔሉ ጠርተው «ለአዲሶቹ ጓድ መሪዎች ስለ መክሸፍ አንተ ታስተምራለህ» አሉኝ። ሃያ ሰው ፊት ቆሜ መናገር! ቅንቡላው ይሻለኝ ነበር። ኡርባኖ «አለቃዬ፣ ግንባርህ ላይ ወረቀት ልለጥፍልህ ወይ?» ይለኛል።

ወሬው እንዴት እንደሄደ አላውቅም፤ የከንቲባው ባለቤት ለገበያ፣ ገበያውም ለመንደራችን አድርሶት ይሆናል። ባለፈው እሑድ ዘብ ጠባቂው እየሳቀ መጥቶ «የቦምብ ቀላቢው እናት በር ላይ ናቸው» አለኝ። እማዬ ናት። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ በዘንቢል ይዛ፣ ከዚያ ሁሉ አገር በጂፕኒ ስትንገላታ መጥታለች። አልሳመችኝም፤ መጀመሪያ እጆቼን ያዘችና ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «እኔ አይደለሁም እማዬ፣ የያዘው ኡርባኖ ነው» አልኳት። ኡርባኖን አስጠራችው። የእሱንም እጆች ገልብጣ አየችና «ጥፍርህን ተቆረጥ፤ እንዲህ ባለ እጅ ቦምብ ይያዛል?» ብላ ተቆጣችው፤ ከዚያ ከሁሉ ትልቁን ቂጣ ሰጠችው።

የጓዴ ልጆች ሲሄዱ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠን «አንተስ ያን ጊዜ ምን ሠራህ?» አለችኝ። «ምንም። ቆሜ አየሁ» አልኳት። ዓይኗን አጥብባ «እንዴት ቆምክ?» አለችኝ። ተነሥቼ አሳየኋት፤ እጆቼን ወደኋላ አድርጌ አንዱን በሌላው ያዝኩት። ወደ ጀርባዬ ዞራ እጆቼን አየቻቸው።

እትዬ፣ ከኢሎኢሎ ወደብ መርከብሽ ሲነሣ «እማዬ ሳታቅፈኝ ቀረች፣ እጇን ወደኋላ አድርጋ እንደ ባዕድ ቆማ ሸኘችኝ» እያልሽ ስትወቅሻት ስንት ዘመንሽ ነው። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ «ኮንሲንግ ስትሳፈር እኔም እንዲህ ነበር የቆምኩት። እጄን ወደፊት አድርጌው ቢሆን አትሄድም ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ የቀረውን ቂጣ ለጋውደንሲዮ ልትሰጥ ሄደች።

በይ እህቴ፣ ለአሮጊቷ አሠሪሽ አክብሮቴን ንገሪያቸው፤ የሾርባውን ጨውም እግዜር ይርዳሽ። እዚያ ቤት የምታሳድጊውን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ። ሊገያን ሰላም በያት፤ ወሬው ላይ ከራሷ እንዳትጨምርበት ንገሪልኝ። ናርሲሳ የላክሽላትን ሻርፕ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሄዳ ሁሉም እንዳየላት እንድነግርሽ አደራ ብላኛለች። ትልቁ ልጄ ኢስኮላስቲኮ ጥርሱ ወልቆ አዲሱ መጥቷል፤ ትንሿ ፊሎሜና ስምሽን መጥራት ትችላለች፣ ግን «ኮሲ» ነው የምትለው። ሬስቲቱቶ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን አይቶ «ሰላም» ብሏል፤ ለእሱ ይሄ ንግግር ነው። ጋውደንሲዮና ኡርባኖም እጅ ነስተዋል።

እማዬን ምን ልበልልሽ ስላት «በደንብ ትብላ» ብላለች።

ወንድምሽ፣
ሃምሳ አለቃ ኤሉቴሪዮ (ቴርዮ)

ፓናይ ደሴት፣ ከካምፓችን
ግንቦት 19 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.